አያ ፈንታ የተከሉት ችካል

ልጄ ሰላም ባለፈው ወር ነርስ ሆና ግራር ውሃ ተመደበች፤ በዘጠነኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ጎንደር ተመለሰች። እናቷ የታመመች መስሏት ደንግጣ በር ላይ ተቀበለቻት። አልታመመችም፤ ማደሪያ አጥታ ነው። ዘጠኙን ቀን ያደረችው በጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል አልጋ ላይ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ አልጋውን ትለቅና ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ዞራታለች፤ ለመዞሩስ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅ።

«ሰዉ ደግ ነው» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ምሳ ብይ የማይለኝ የለም። የሚከራይ ክፍል አላችሁ ወይ ስላቸው ግን ይስቃሉ። አባዬ፣ መሀል ከተማው ላይ ይህን የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ለምን ቤት አትሠሩበትም ብላቸው መንገድ ነው አሉኝ። መንገድ ግን አላየሁም፤ ጎመን ነው የተተከለበት።»

 ባለቤቴ «ያን አካባቢ ስትቀይስ ኖረህ አንድ ክፍል የሚያፈላልግልህ ሰው ታጣለህ?» አለችኝ።  ያን ጎመን የተተከለበትን መንገድ ካርታ ላይ የሳልሁት እኔ ነኝ። ይህን ባለቤቴም ልጄም አያውቁም ነበር።

ነገሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የቅየሳ ትምህርቴን ጨርሼ የተቀጠርሁበት የመጀመሪያው ዓመት። በዚያ ዕድሜ አዲስ መለኪያ ሜትር በወገቡ አንጠልጥሎ የሚሄድ ልጅ መሬት ሁሉ እሱን እየጠበቀች የኖረች ይመስለዋል። አለቃዬ አቶ ዘለቀ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ የሚናገሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ሁለታችን በጥር ወር ግራር ውሃ ወረድን፤ ከኮላ ድባ ወዲያ፣ ደንቢያ ሜዳ ላይ። መረሬው ጥቁር አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቆ የማኪናው ጎማ እየገባበት፣ በየመንገዱ ዳር ልጆች እሸት ሽምብራ በእቅፍ እያሳዩን። አቶ ዘለቀ ማኪናውን አስቁመው አንድ እቅፍ ገዙ፤ ቅርፊቱን በመስኮት እየተፋን ገባን። የዚያ ሽምብራ ጣዕም ዛሬም አፌ ላይ አለ፤ ሰው ክፉ ሥራ ሊሠራ ሲሄድ ምግብ አይጣፍጠው መሰላችሁ?

ግራር ውሃ ያኔ ከተማ እንድትባል ደብዳቤ ደርሷት ነበር። ከተማ ለመሆን ግን ፕላን ያስፈልጋል፤ ፕላኑ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ማንም ሰው አዲስ ቤት እንዳይሠራ ታግዷል። እገዳው ከእኛ በፊት ዓመታት አስቆጥሯል። በዚያ መሀል ትምህርት ቤቱ ክፍል ጨመረ፣ ክሊኒክ ተከፈተ፣ የማክሰኞው ገበያ ከሜዳው ሞልቶ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሰው እየመጣ ነው፤ የሚያድርበት ጣራ ግን አንድ እንኳ አልጨመረም። ሁለት መምህራን ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ከተሰባበሩ ዴስኮች ጋር ያድሩ ነበር። የክሊኒኩ ጤና ረዳት የአንድ ገበሬ ጎተራ ጥግ ተሰጥቶታል። የከብት ሐኪሙማ በየሳምንቱ መጨረሻ ኮላ ድባ በእግሩ ይመለሳል፤ ሰኞ ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ እየበዛ ነበር።

ይህን ችግር ከሁሉ ቀድመው ያዩት እትዬ አንጓች ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ በገበያ ቀን ጠላ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። ግን አቶ ዘለቀን ግቢያቸው አስገብተው ያሉትን ቃል እኔ ከዚያ ወዲህ ከተቀመጥሁበት የስብሰባ አዳራሽ ሁሉ አልሰማሁትም።

«ሰው ካላደረበት ከተማ አያድግም፣ ጌታዬ» አሉ። «እኔ አራት ክፍል ልሥራ። አስተማሪውም ሐኪሙም ይግቡበት። መንገዳችሁ ግቢዬን የማይነካ ከሆነ ሥሪ በሉኝ፤ የሚነካ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩኝ።»

አቶ ዘለቀ ሁለት ቀን ለኩ። በሦስተኛው ቀን ዋናው መንገድ ከእትዬ አንጓች አጥር ውጭ እንደሚያልፍ አሳዩዋቸው፤ «ግቢሽን አይነካም፣ ሥሪ» አሏቸው። የቀበሌው ሰዎችም በዚያ ቃል ላይ ተመሥርተው ከእገዳው ነጥለው ያለ ወረቀት ፈቀዱላቸው። የመንገዱን መስመር የሚያሳዩትን ችካሎች የተከልሁት እኔ ነኝ፤ የባህር ዛፍ ግንድ፣ ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ። አቶ ዘለቀ ወባ ይዟቸው የቅየሳ መሣሪያውን ጭነው ወደ ጎንደር ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፤ ችካሎቹን በዚያው ቀን በሲሚንቶ እንዳስር። ከብት ያለበት አገር ነው አሉኝ።

በዚያው ቀን አላሰርሁም። ኮላ ድባ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሚዜ ሆኖ ነበርና ሰርግ ጠራኝ፤ ሲሚንቶው ቀበሌ መጋዘን ተቀምጦ እኔ ሦስት ቀን ጨፈርሁ። የጥር ሰርግ ነው፤ ልብ አይሰጥም። በአራተኛው ቀን ራሴን እያመመኝ ስመለስ በመታጠፊያው ላይ የነበረው ችካል ቦታውን ለቅቋል።

ከችካሉ አጠገብ አያ ፈንታ በቅሏቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አያ ፈንታ ገበሬ ናቸው፤ የእትዬ አንጓችን ልጅ ክርስትና ያነሱ፣ አበልጃቸው። ሳይኝ እንደ ባለውለታ ፈገግ አሉ።

«ምነው ዘገየህ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ይችን በቅሎ ከዚህ ችካል አስሬያት ገበያ ገብቼ፣ ደንብራ ነቅላብኛለች። አትቀየመኝ፤ መልሼ ሸጋ አድርጌ ተክዬልሃለሁ። የፊተኛው ቦታ አፈሩ ላላ ያለ ነው፣ አይዝም። ይህ ግን ጠንካራ ነው፤ ብትፈልግ በሬ እሰርበት።»

ችካል ለእሳቸው ከብት የሚታሰርበት ነው። ምንም ሳይታሰርበት ሜዳ ላይ የቆመ ችካል አይተው መንግሥት ለገበያተኛ ያቆመው መስሏቸዋል፤ ደግ ሥራ ነው ብለው መርቀውም ይሆናል። በነቀሉት ጊዜ ደግሞ ትተውት አልሄዱም። እንደ ጨዋ ሰው ከፊተኛው የተሻለ ቦታ መርጠው፣ በመጥረቢያ ማጅራት መትተው፣ አጥብቀው ተከሉት። ከዚያም መጥቼ እስክጠይቃቸው ሳይጠብቁ ራሳቸው ነገሩኝ።

በማስታወሻ ደብተሬ ከተጻፈው ጋር በሜትር አስተያየሁት። አሥራ አንድ ሜትር ወደ እትዬ አንጓች ግቢ ተጠግቷል። ችካሉ ራሱ ያለው ከአጥሩ ውጭ፣ ሣር ላይ ነው፤ የሚያይ ሰው ምንም አይጠረጥርም። ግን ከእሱ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ችካል የሚሄደው መስመር የእትዬ አንጓችን ግቢ ይቆርጣል፤ የአራቱ ክፍል ምሰሶ ጉድጓድ የተቆፈረበትን ቦታ። መስመር ደግሞ መሬት ላይ አይታይም። የሚታየው ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ የሥራው ማነስ ነው። መሣሪያውን ከጎንደር አስመጥቶ በግማሽ ቀን ማስተካከል ይቻል ነበር። ነገር ግን መሣሪያውን ለማስመጣት ለምን እንደፈለግሁት መናገር አለብኝ፤ ያን ለመናገር ደግሞ የታዘዝሁትን ትቼ ሰርግ እንደሄድሁ መናገር። አቶ ዘለቀ አዲስ አበባ ሄጄ ትምህርቴን እንድቀጥል የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። አሥራ አንድ ሜትርና አንድ ደብዳቤ መዘንሁ። ወዲያው አልወሰንሁም፤ ኋላ ካርታው ሲሠራ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልሁ። ሰው ራሱን የሚያታልልበት ቃል ሁልጊዜ «ኋላ» ነው።

ሲሚንቶውን አስመጥቼ ችካሉን ባለበት አሰርሁት። ውሃ ከወንዙ በእንስራ ተሸክመው ያቀረቡልኝ አያ ፈንታ ናቸው። «እንዲህ ነው እንጂ፤ አሁን ማን ይነቅለዋል» እያሉ ዙሪያውን በእግራቸው ጠቀጠቁልኝ።

ካርታው በየካቲት ተሠራ። ኋላ ያልሁት ጊዜ መጣ፤ እጄ ግን መስመሩን በችካሉ መሠረት ሳበችው። መንገዱ እዚያ ጋ ጎበጥ አለ። አቶ ዘለቀ ከወባው ገና አላገገሙም፤ ከወንዙ ለመሸሽ ነው ስላቸው አምነውኝ ፈረሙ። ደብዳቤዬንም ጻፉልኝ። እሳቸው ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ።

እኔ ወረቀት ላይ መስመር ስስብ እትዬ አንጓች መሬት ላይ ቤት ያቆሙ ነበር። ምሰሶውን የከተማው ሰው በደቦ ተከለላቸው። ጭቃውን ሴቶች ረገጡ፣ ቆርቆሮው ከጎንደር በማኪና መጣ። በሚያዝያ አራቱም ክፍል ሰው ገባበት፤ ሁለቱ መምህራን፣ ጤና ረዳቱና የከብት ሐኪሙ። አንዴ ለሥራ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጤና ረዳቱ በር ላይ ጺሙን ይላጫል፣ አንዱ መምህር ደብተር ያርማል፣ ማዶ አንዲት ሴት የምሳ መሸጫ ዳስ ጀምራለች። አንድ የእህል ነጋዴ ወፍጮ ሊተክል ቦታ እየጠየቀ ነበር፤ የሚያሠራው ባለሙያ ማረፊያ አገኘ ማለት ነውና። አራት ክፍል ብቻ ነው የተሠራው፤ ከተማዋ ግን ስትነቃ በዓይን ይታያል። ያን ቀን ምሳዬን እዚያ ዳስ በላሁና ዝም ብዬ ተመለስሁ።

በግንቦት የጸደቀው ካርታ ወረደ። አራቱ ክፍል መንገድ ላይ ናቸው ተባለ፤ ክረምት ሳይገባ ይፍረሱ። እትዬ አንጓች አቤት አሉ። ጉዳዩን የሚሰማ ኮሚቴ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ፤ እኔም ካርታውን ይዤ ተጠራሁ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። እትዬ አንጓች አቶ ዘለቀ ሥሪ እንዳሏቸው ተናገሩ፤ ሰብሳቢው ወረቀት አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ አልነበራቸውም።

ያኔ አያ ፈንታ ከኋላ ተነሡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ችካሉን በቅሎዬ ነቅላው መልሼ የተከልሁት እኔ ነኝ። ቦታውን አላውቅም ነበር። ለዚህ ልጅ ግን በዚያው ቀን ነግሬዋለሁ፤ እሱ ያውቃል።»

ሰዉ ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ አለ፤ የመንግሥት ፕላን በበቅሎ ተነቀለ ስትል የመጀመሪያው ሰው ነህ አላቸው። አንዱ ከጎን ሆኖ አበልጇ ነው፣ ሊረዳት ነው አለ። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። ነግረውሃል ወይ አለኝ።

አያ ፈንታ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው። ምንም አልተጠራጠሩም፤ እውነት ተናግረዋል፣ ምስክራቸውም እዚያው ቆሟል። እትዬ አንጓችም ያዩኛል። አዲስ አበባ ልሄድ ሦስት ወር ቀርቶኝ ነበር።

«የነገሩኝ ነገር የለም» አልሁ።

 አያ ፈንታ ይጮሁብኛል፣ ይራገሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እንግዲያ ረስቶት ይሆናል፤ ልጅ አይደል» ብለው ተቀመጡ።

የቆመው በደቦ ስለነበር የፈረሰውም በደቦ ነው። መጋዝና መዶሻ የያዘው ያው ሰው መጥቶ፣ ቆርቆሮው እንዳይቀደድ፣ እንጨቱ እንዳይሰበር ተጠንቅቆ አወረደላቸው። በደቦ ላይ ዘፈን የማይቀርበት አገር ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም አፉን አልከፈተም። አያ ፈንታ መጥረቢያ ይዘው መጡ። እትዬ አንጓች በር ላይ ጠብቀው መጥረቢያውን ከእጃቸው ተቀበሉና መሬት ላይ አስቀመጡት። «እጅህ እስካሁን የሠራው ይበቃኛል» አሏቸው። አያ ፈንታ መጥረቢያቸውን ሳያነሡ ሄዱ።

ቀሪውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከብት ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ሄደ፤ መምህራኑ ትምህርት ሲዘጋ ሄደው አልተመለሱም። ነጋዴው ወፍጮውን ኮላ ድባ ተከለው። መንገዱ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ነገር ግን ካርታ ላይ መንገድ ስለሆነ ማንም ቤት አይሠራበትም። ግራር ውሃ አልሞተችም፤ የማክሰኞው ገበያ ዛሬም ይቆማል፤ ሰዉ ሸጦ ገዝቶ በጊዜ ይበተናል። ስለ ትንንሽ ከተሞች ዕድገት በተደረጉ ስብሰባዎች ላይ በኋለኛው ዘመኔ ብዙ ተቀምጫለሁ። ገበያ የለም፣ መዋዕለ ንዋይ የለም፣ የሥራ ባህል የለም ይባላል። የሥራ ባህል የለም ሲባል እኔ አንገቴን ደፍቼ ማስታወሻ እይዛለሁ። ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ መምህሩ የት ያድራል ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አዲስ አበባ ተምሬ፣ ጎንደር ተመልሼ፣ አግብቼ ከኖርሁ በኋላ አንድ ቀን አዘዞ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት እጄን ያዙኝ። እትዬ አንጓች ናቸው። ግቢያቸው ተቆርጦ ለጠላው ደንበኛ እንኳ የማይበቃ ሲሆንባቸው ትተውት ወጥተው አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ለአራት ሰው ቤት የሠሩ ሴት። እኔ ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ፤ እሳቸው ግን ግራና ቀኝ ሳሙኝ። ዘንቢላቸውን ይዤ እስከ ቤታቸው ስሸኛቸው የአያ ፈንታን ሞት ነገሩኝ።

«ለቅሶ አልደረስሁም» አሉኝ። «ነፍስ ይማርም አላልሁ። ችካሉን መንቀሉ አይደለም፤ እሱን በቅሎ ነው የነቀለው። ጥፋቱን በሰው ልጅ ላይ፣ ባንተ ላይ ሊያላክክ መነሣቱ ነው ያንገበገበኝ። አንተማ ምን ታውቃለህ፣ ያገኘኸውን ነው የለካህ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበደ። በየበዓሉ ጥቂት ነገር ይዤ እሄዳለሁ፤ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ባለቤቴ የጥንት የሥራ ቦታ ወዳጅ ናቸው ብላ ታምናለች፤ ሰላም በልጅነቷ ጉልበታቸውን እየሳመች አድጋለች። ሁልጊዜ ይመርቁኛል። ልጅ ይውጣልህ፣ ቤትህ ይሙቅ ይሉኛል።

ልጄ ከግራር ውሃ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ነገርኋት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «እትዬ አንጓች ያውቃሉ?» አለችኝ። አያውቁም አልኋት። ተነሥታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች። በማግስቱ ዝውውር ጠየቀች። ግራር ውሃ ደግሞ ነርስ የለም ማለት ነው።

እትዬ አንጓች አሁን አርጅተዋል። በዘንድሮው ፍልሰታ ሊቆርቡ ቆርጠው ተነሥተው ነበር፤ የንስሐ አባታቸው ግን ሙት ላይ ቂም ይዘሽ እንዴት ትቆርቢያለሽ ብለዋቸዋል። ሞከርሁ፣ አልሆነልኝም ይላሉ፤ የፈንታ ነገር ከጉሮሮዬ አይወርድም። ይህን ያጫወቱኝ እኔን ነው። አንዲት ቃል ብተነፍስ አያ ፈንታን በሙሉ ልብ ይምሯቸዋል፤ ለንስሐ አባታቸውም ይቅር ማለታቸውን ይነግሯቸዋል። ግን ያች ቃል ከአፌ ስትወጣ ቂሙ ቤቱን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ወደሚገባው ሰው ይመጣል። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ ጥፋቴን ሌላ ሰው ተሸክሞልኝ መቃብር ከገባ በኋላ፣ አሁንም የምፈራው ያን ነው። ከሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ በምን እሻላለሁ?

ጾሙ ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶታል። ትናንት ልነግራቸው ቆርጬ አዘዞ ወረድሁ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ልጅህ እንዴት ናት፣ ሥራው ተስማማት ወይ አሉኝ፤ ማደሪያ አጥታ ተመለሰች አልኋቸው። አዘኑላት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። ቆሜ ሰማኋቸው፤ ሲጨርሱ አሜን ብዬ ተመለስሁ።